ገመዱ በግራዬ ነበር

ገመድ አልባ መሣሪያ ሕመምተኛን ነፃ ያወጣል ይባላል። እኔን ባጃጅ ፊት ነው ያወጣኝ።

ሕመሙ የጀመረው ግን ከመሣሪያው በፊት፣ በጫማ ነው። ከቆቦ ገበያ ወደ ቤቴ እየተመለስኩ ሳለ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ፣ «መምህር፣ አንዱን ጫማ ለማን ሰደቃ ሰጠኸው?» አለኝ። ወደ ታች አየሁ። ግራ እግሬ ባዶ ነበር። ነጠላ ጫማዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። የአስፋልቱ ሙቀትም አልተሰማኝም። የቆቦን የቀትር አስፋልት የረገጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኔ ከነጋዴው ጋር አብሬ ሳቅሁ። ብዙ መጽሐፍ ማንበብ ከሞኝነት አያድንም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሰዓዳ ፊቴን አይታ ደነገጠች። አፌ ተጣምሟል። ልመልስላት ሞከርኩ። ቃሉ አልወጣም። ግራ እጄ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወለሉን ነው።

«ኢስኬሚክ ስትሮክ ነው» አለን ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ምስል እያሳየ። «በቀኝ የአንጎልዎ ክፍል የደም ሥር ተዘግቷል። ግራ እጅና እግርዎ የደከመው ለዚህ ነው።»

ከሆስፒታል ወጥቼ በከዘራ መራመድ ስጀምር ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ትሪ ሲቀርብ በቀኝ በኩል ያለውን እበላለሁ፤ የግራውን ሳልነካ እጄን እሰበስባለሁ። እኛ ዘንድ ትሪ አሟጦ መነሳት ነውር ነው፤ ለሌላው ያስተረፈ ይመሰገናል። እኔም ተመሰገንኩ። «ታሞ እንኳ ጨዋነቱን አልተወም» አለ አንድ ጎረቤት። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ራበኝ። ለምን እንደሚርበኝ አላወቅሁም። ሰዓዳም በግራዬ ተቀምጣ ስታናግረኝ ስለማልመልስላት ወደ ቀኜ ተዛወረች። ውሃው፣ መድኃኒቱ፣ ስልኩ ሁሉ በቀኜ ተደረደረ። ከፍቅር ነበር። በሽታዬን የሸሸገውም ያው ፍቅር ነው።

ፊዚዮቴራፒ የምሠራበት ክፍል ውስጥ በእርዳታ የመጣ የቪአር መነጽር ነበር። ራስ ላይ ይታሰራል፣ ዓይንን ይሸፍናል፣ ሌላ ዓለም ያሳያል። የኔ ሥራ በዙሪያዬ የሚንሳፈፉ ኳሶችን መንካት ነው። ረጅም ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘዋል። ሁለቱንም እጅ ከፍ ካላደረጉለት ደግሞ አይጀምርም። የሠራው ሰው ሁለት እጅ የሚታዘዙለት ስለሆነ ሌላ ዓይነት ሰው መኖሩ አልታየውም። ያልታየውን በማለፍ እኔም ከእሱ እንደማልሻል በኋላ ነው የገባኝ። ፊዚዮቴራፒስቱ ሀብታሙ በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ ከግራ እጄ ጋር በፋሻ አስሮ፣ እጄን ራሱ እያነሳልኝ ጀመርን።

በሦስተኛው ቀን ገመዱ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ወደቅሁ። ጉልበቴ አበጠ።

«ይሄን ነገር አንሱልኝ» አለች ሰዓዳ። «ስትሮኩ ያልጨረሰውን ሊጨርስ ነው።»

መነጽሩ በባትሪና በዋይፋይም ይሠራ ስለነበር ገመዱ ተነቀለ። ሁላችንም ደስ አለን። የጨዋታ ነጥቤ ወዲያው ከፍ አለ። አንድም ኳስ አላመልጠኝ አለ። መብራት እስካልጠፋና ምስሉ ቀጥ እስካላለ ድረስ ጤነኛ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ በደንብ እየተሻለዎት ነው» አለኝ ሀብታሙ። አመንኩት። ብቻዬን ወጣሁ።

አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። አየሁ። ምንም አልነበረም። ገባሁ። ባጃጁ ከግራ መጣ። ጥሩምባውን ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ አልሰማሁም። መታኝ። ትከሻዬ ወለቀ። ሾፌሩ ደግፎ አነሳኝ። «አባቴ፣ እያየኸኝ እኮ ነው የገባኸው» አለ። እውነቱን ነው። ዓይኔ ሳያየው አልቀረም። ለእኔ ግን እሱ የመጣበት አቅጣጫ አልነበረም።

ትከሻዬ ሲድን ሀብታሙ፣ «አንድ ነገር ልይ» ብሎ ገመዱን መልሶ ሰካው። ከኋላዬም ቆመ። ኳሶቹን ነክቼ ስጨርስ መነጽሩን አወለቀልኝና እግሬን አሳየኝ። ገመዱ ሦስት ዙር ተጠምጥሞብኛል። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ።

«ጋሼ፣ በግራዎ ያለውን ኳስ የሚያገኙት በቀኝ ዞረው ነው። ወደ ግራ አንድ ጊዜም አልዞሩም።»

ያለ ገመድም ስዞር ያዩኝ ነበር። ጨዋታው መስሏቸው ነው። ገመዱ ግን የዞርኩበትን ይዞ ቀረ።

ሀብታሙ ወደ ሰዓዳ ዞረ። «ሲበሉ ያስተርፋሉ?»

«ጨዋ ነው፤ ሁልጊዜ ያስተርፋል።»

«በየት በኩል?»

ሰዓዳ ግራ እጄን አየች።

ቤት ገብተን በልቼ ስጨርስ፣ ትሪውን አዞረችው። «ማነው የጨመረው?» አልኩ። ሁሉንም በላሁት። ሰዓዳ አለቀሰች።

ሐኪሙ ስሙን ነገረን፤ ኔግሌክት ይባላል። «ዓይንዎ ደህና ነው» አለኝ። «ግራውን የተወው አንጎልዎ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ገመዱ በግራ ትከሻዬ ላይ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ሰዓዳ በግራዬ ተቀምጣ ትይዘዋለች፣ ወደ ቀኝ መዞር ስጀምር ቀስ አድርጋ ትስበዋለች፣ እኔም ያ ስበት ወደሚመጣበት፣ ማንም እንደሌለበት እርግጠኛ ወደሆንኩበት አቅጣጫ አንገቴን አዞራለሁ። «እንደ ግመል ጎተትሽኝ እኮ» ስላት፣ «ግመልስ አንዴ ሲጎተት ይገባዋል» ትለኛለች። ወራት አልፈው አንድ ቀን ገመዱ ሳይሳብ ዞርኩና ፊቷን አየሁ፤ ለካ ስንት ጊዜ በዚያ በኩል ተቀምጣ ጠብቃኛለች።

ገመድ ከሁሉ ይበልጣል አላልኩም። ከዋጃ እየመጣች እኛ ክፍል የምትታከም አንዲት ባለዊልቸር ሴት ነበረች፤ ገመዱ ጎማዋ ውስጥ እየገባ ስላስቸገራት ለእሷ ገመድ አልባው ትክክል ነበር። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መሣሪያ አለ የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው ነገር አለው።

አልዳንኩም። ግራ እጄ ብርጭቆ አይዝም። አስፋልት ስሻገር ድምፄን አውጥቼ «ግራ» እላለሁ፤ ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ሀብታሙን የራሱን ስህተት ፈልጎ ስላገኘ፣ የባጃጁን ሾፌር ስለ ፍሬኑ፣ ሰዓዳን ወደ ግራዬ ስለተመለሰች አመሰግናለሁ። አልሐምዱሊላህ።

ጫማህ ወልቆ ካልተሰማህ አትሳቅ፤ ከዚያው ከቆምክበት ሆስፒታል ሂድ። ቤትህ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ ምሳ ላይ ስላስተረፈው አታመስግነው። ትሪውን አዙርለት።