አረንጓዴው ወረቀት

እኔ አፍናን ነርስ ነኝ፤ ቁጣዬም ቅርብ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ዙቤይዳ ሳወራ ራሴን ደግ ሰው እንዳላስመስል ብዬ ነው።

ዙቤይዳ የጤና ጣቢያችን የጽዳት ሠራተኛ ናት። ጤና ጣቢያው ያለው ከከሚሴ ወጣ ብሎ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሲሠራ ድንጋይ ተሸክማለች፣ ሲያልቅ መጥረጊያ ሰጧትና እዚያው ቀረች። ይኸው ሥራ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። አንድ አመል አለባት፤ ሰላምታዋ አያልቅም። አግዳሚው ላይ ከተቀመጠ በሽተኛ አጠገብ ቁጭ ትልና «አከም ጅርታ? ፈያዳ?» ብላ በኦሮምኛ ትጀምራለች። ቤቱ ደህና ነው? ልጆቹስ? ከብቱ? ማሽላው? ዝናቡ እንዴት ነው? ከዚያ ወደ አማርኛ ትሻገርና እንደገና ከቤቱ ትነሳለች። ከደሴ ተመድቤ ስመጣ ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

በዚያ ሰሞን ስለ ተገልጋይ አያያዝ ሠልጥነን ተመልሰናል። በሽተኛ እንደገባ እኔ እለያለሁ፤ ለጠናበት ቀይ ወረቀት፣ ለመካከለኛው ቢጫ፣ መጠበቅ ለሚችለው አረንጓዴ። ሲወጣ ደግሞ «በአገልግሎታችን ረክተዋል?» ብለን ቅጽ እንሞላለን። ከመቶው ሰው ዘጠና ስምንቱ ረክቷል። ያንን ቁጥር በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ዙቤይዳ ቆማ አየችውና «ምን ብለው መለሱልሽ?» አለችኝ።

«አልሀምዱሊላህ አሉኛ።»

መጥረጊያዋን አንስታ ሄደች። ናቀችኝ ብዬ ተቃጠልኩ። በማግስቱ ጠርቼ «ከእንግዲህ በሽተኛ ይዘሽ ስታወሪ ካገኘሁሽ፣ ሥራ ላይ እያለሁም ክፍሌ ከገባሽ፣ ለኃላፊው ጽፌ አስነሳሻለሁ» አልኳት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ የገበያ ቀን፣ ፋይዛ የምትባል ልጅ እግር እርጉዝ ከአማቷ ከአሻ ጋር መጣች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ስምንት ወር ሆኗታል። «እንዴት ነሽ? የሚያምሽ አለ?» አልኩ፣ ዓይኔን ከመዝገቡ ሳላነሳ።

«ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ።»

«ለክትትል ነው እንጂ ደህና ናት» አለች አሻም።

አረንጓዴ ሰጠሁና ቀጣዩን ጠራሁ። የደም ግፊቷን አዋላጇ ተራዋ ሲደርስ ትለካታለች ብዬ ነው። ከፊቷ አሥራ ሰባት ሰው ነበር።

የሚጠርግ ሰው ፊት ሳይሆን እግር ነው የሚያየው። ኋላ እንደሰማሁት፣ ፋይዛ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር፤ እግሯ አብጦ አልገባ ብሏታል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውም በእጇ ዳብሳ ነው። ዙቤይዳ ይህን አየችና አሻን «እህቴ፣ እስቲ ካርድ ክፍል ሄደሽ ስሟን አስመዝግቢላት» ብላ ላከቻት። ምራት በአማቷ ፊት አመመኝ አትልም። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ፤ ጋውን ስለብስ ግን ረስቼዋለሁ።

ከዚያ ያንን የማያልቅ ሰላምታዋን ጀመረች። ቤቱ? አልሀምዱሊላህ። ከብቱ? አልሀምዱሊላህ። ማሽላው? ደህና ነው። «ወፉ አላስቸገራችሁም? ትናንት ማሽላውን ማን ጠበቀ?»

«እኔ ነበርኩ» አለች ፋይዛ። «ወፉ ግን አልታየኝም።» ይህን ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ የደበቀችውን ሕመም ሁሉ ያኔ ነገረቻት።

ዙቤይዳ ልጅቷን ደግፋ በሩን ከፍታ ገባችብኝ። «ምን ብዬሽ ነበር?» ብዬ ጮህኩባት።

«ጻፊኝ» አለች። «መጀመሪያ ግን ለኪያት። ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን ሲፈልጣት ነበር፣ ዓይኗም አያይም።»

እውነቱን ልናገር፣ የለካኋት በንዴት ነው፤ ዙቤይዳን ላሳፍራት። መቶ ሰማንያ በመቶ ሃያ። በሌላው ክንዷ ለካሁ። ያው ነው። ክው አልኩ። እንዲህ ያለ ግፊት እርጉዝን ጥሎ ያንዘፈዝፋል፣ እናትንም ልጅንም ይዞ ይሄዳል። አዋላጇን ጠርቼ ሳልጨርስ የፋይዛ ዓይን ተገለበጠ፣ ሰውነቷም ይንፈራገጥ ጀመር። ዙቤይዳ በጎኗ አስተኝታ ራሷን ደግፋ ያዘች። ጠርሙሱን የከፈተችውም መርፌውን የሞላችውም አዋላጇ ናት።

አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ስደውል አርባ ደቂቃ ጠብቁ አሉኝ። እነዚያን አርባ ደቂቃዎች ትንፋሿን እየቆጠርኩ አሳለፍኳቸው። አሻ በሩ ሥር ተቀምጣ «ደህና ነኝ ብላኝ ነበር እኮ» ትላለች፣ ደግማ ደጋግማ። እኔም የሰማሁት ያንኑ ነበር፤ ልዩነቱ እኔ ለመስማት ደመወዝ ይከፈለኛል።

አምቡላንሱ ሲደርስ አብሬያት ወጣሁ። መንገዱን ከገበያ የሚመለስ ከብት ሞልቶት ሾፌሩ ጡሩንባውን አልለቀቀም። መሀል ላይ ነቃች። እጄን ይዛ «ማነሽ?» አለችኝ። «ነርሷ ነኝ፣ አይዞሽ» አልኳት። በእጄ ላይ እንዳትሞት ዱዓ እያደረግሁ ሆስፒታል ደረስን፣ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እሷም ተረፈች፣ ትንሿ ልጇም ተረፈች።

አሁን እርጉዝ ስትገባ መጀመሪያ ግፊቷ ይለካል፣ ጥያቄው በኋላ ነው፣ እሱም ለብቻዋ። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ለዙቤይዳ ወንበር አስቀምጠናል። የእርካታውንም ቅጽ የምትጠይቀው እሷ ናት። መጻፍ ስለማትችል የምጽፈው እኔ ነኝ። ቁጥሩ ከዘጠና ስምንት ወደ ስድሳ አንድ ወረደ፤ «ምን አበላሻችሁ?» ተብሎም ከበላይ ተጠይቀናል።

ፋይዛ በአርባ አምስተኛው ቀን ልጇን ልታስከትብ መጣች። ዓይኗ ተመልሶላታል። ዙቤይዳ ከቤቱ ጀምራ እስከ ማሽላው ጠየቀቻትና «የዚያን ቀን እንዴት ተቀበሉሽ?» አለቻት።

ፋይዛ እኔን አየችኝ። «አምቡላንስ ውስጥ እጄን የያዝሽኝ አንቺ ነሽ፣ በድምፅሽ አወቅሁሽ። አላህ ይስጥሽ። መጀመሪያ የተቀበለችኝ ግን ድምፅዋ ችኩልና ደረቅ ነበር፤ ቀና ብላ ብታየኝ ዓይኔ እንደማያይ ታውቅ ነበር። ወረቀት ሰጥታ ሸኘችኝ። ልሞት ነበር። እሷ ዛሬም እዚህ አለች?»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ዙቤይዳ መሬት መሬት ታያለች፤ ብዋሽ እንደማታጋልጠኝ አውቃለሁ።

«አለች» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ፋይዛ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ዙቤይዳ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ጻፊው» አለችኝ።