የዓርብ ፉልና የቀን ገቢ ግምት

አሶሳ ውስጥ ሐምሌ ሲገባ ዝናብና ማመልከቻ ይበዛል። ዝናቡን አላህ ያውቀዋል፤ ማመልከቻውን ግን አብዛኛውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከግብር ቢሮው አለፍ ብሎ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰው ግብሩ ተቆልሎ ሲነገረው መጀመሪያ ይሳደባል፣ ቀጥሎ እኔ ጋ ይመጣል። እኔም ስድቡን አውጥቼ የቀረውን እተይብለታለሁ። አንዳንዱ ስድቡ ሲወጣ የሚቀረው ስምና ፊርማ ብቻ ነው።

አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው መጥተው፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠራ የሠፈራ መንደር የሠፈሩ ሰው ናቸው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ የዚህን አገር ማንጎ በልቼ አድጌ፣ እስከ ዛሬ ድረስ «ለመሆኑ አገርሽ የት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ስለዚህ የውጭ ዜጋ የሚባል ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣልኝ ልቤ ቶሎ ይራራል። ምላሴ ግን አይራራም፤ እሱ ለማንም አልራራ።

ዓሚ የምላቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ከቤቴ ትይዩ ፉል ቤት ያላቸው ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ዓሚ በዐረብኛ አጎቴ ማለት ነው፤ በእኛ ሠፈር የአገሬው በርታም ሠፋሪው ደገኛም እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። በድንበሯ ከተማ በኩርሙክ በኩል ከገቡ ቆይተዋል። ፈቃድ አውጥተው፣ ሚስታቸው ጓዳውን ይዘው፣ እሳቸው ደጁን ይዘው ይሠራሉ። አማርኛቸው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ወንድና ሴት መለየት ብቻ አይወድም። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «አንተ ልጄ» ይሉኛል። መጀመሪያ አርማቸው ነበር፤ ኋላ ሰለቸኝና ወንድ ሆኜ ቀረሁ።

የግብር ነገር ሲነሳ ዓሚን የሚያህል ጣጣ የበዛበት ደንበኛ የለኝም። ፓስፖርታቸው ላይ ስማቸው እስከ ቅድመ አያታቸው ይሄዳል። የግብር ከፋይ ቁጥሩ ሲወጣ ኮምፒዩተሩ ከሦስት ስም በላይ አልቀበል ብሎ ከመሐል ቆረጠው። የሥራ ፈቃዱ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ስም ወደ ፊት መጣ። አንድ ፉል ቤት ያላቸው ሦስት ሱዳናውያን ተመዘገቡ ማለት ነው። ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን እስካስረዳ ድረስ ጫማዬ አለቀ። በሌላ ዓመት ደግሞ ለድሃ የሚሰጠውን ዘካ ማውጣታቸውን አስታውሰው፣ እሱ ከግብሩ ይቀነስልኝ ብለህ ጻፍልኝ አሉኝ። ዓሚ፣ ዘካውን የሚቀበልዎት ጌታና ይሄ ቢሮ በኔትወርክ አልተገናኙም አልኳቸው። ሁለቱም የሚገናኙበት ቀን አለ ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ነበር። ፈቃዳቸውን የሚያሳድሱበት ዓመት ሲደርስ የመጣው ጉድ ግን እኔንም አስደነገጠኝ።

ያን ጊዜ ትንንሽ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ስለማይዝ ግብሩ በግምት ነበር። ገማቾች ቤቱ ድረስ ይመጣሉ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ደንበኛ ያያሉ፣ በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ ይላሉ፤ ግብሩ በዚያ ይሰላል። የዓሚ ግምት ሲመጣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ባለ ፎቅ ሆቴል ጋር አንገት ለአንገት ሆነ። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ያቺ ጣሪያዋ በዝናብ የምታለቅስ ፉል ቤት!

መቼ መጥተው ነው የገመቱት ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓርብ አሉኝ። በቃ፣ ገባኝ።

ዓሚ ዓርብ ዓርብ ከራማ ያወጣሉ። ከራማ ማለት በእነሱ አገር ወግ ለሞቱ እናታቸው ነፍስ ብለው በነፃ የሚያበሉት ምግብ ነው። ከጁምዓ ሶላት የወጣው ሙስሊም በሙሉ ይገባል። ክርስቲያኑም ዓርብ ጾም ስለሆነ፣ ፉሉ ደግሞ በዘይት ብቻ ስለሚሠራ፣ እሱም ይገባል። የሚከፍል የለም፣ የሚጠየቅም የለም። ገማቾቹ ደርሰው ያዩት እንግዲህ ያንን ነው፤ በር ላይ የተሰለፈ፣ ወንበር አጥቶ ቆሞ የሚጎርስ ሕዝብ። ቆጠሩት፣ በዓመት አባዙት፣ ሄዱ።

ያንን ግብር ከከፈሉ ቤቱ ይዘጋል። ካልከፈሉ የግብር ዕዳ የለባቸውም የሚለው ክሊራንስ አይሰጣቸውም፣ ያለ ክሊራንስ ፈቃዱ አይታደስም፣ ፈቃድ ከሌለ ቤቱ ያው ይዘጋል። ባለቤታቸው ጓዳ ሆነው ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ።

ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ አቤት ይባላልና ተቀምጬ አንጀት የሚያርስ ማመልከቻ ጻፍኩ። ኮሚቴው ደግሞ በነፃ መብላታቸውን የሚመሰክሩ ሰዎች ስም ይያያዝ አለ። እሰይ፣ ይሄማ ቀላል ነው፤ ከተማው ሁሉ ነው የበላው ብዬ ብዕር አነሳሁ። ዓሚ ብዕሩን ከእጄ ወሰዱት።

«ቤቴ የበላ ሰው፣ በነፃ በላ ተብሎ ስሙ አይጻፍም» አሉኝ። «ነውር ነው። ሚስቴም ይሄን ከሰማ ከእኔ ጋር አይኖርም።»

ደሜ ፈላ። ኧረ ዓሚ፣ ቤትዎ ሊዘጋ ነው፤ ለማን ብለው ነው የሚያፍሩት አልኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ እሳቸው ካልጠሩ ራሴ እጠራለሁ ብዬ ሠፈሩን አዳረስኩት። ወይ ጉድ! ስንት ሆድ አውቃለሁ፣ አንድም አፍ አላገኘሁም። ጨርቅ ነጋዴው፣ በየዓርቡ የሰሐኑን ዳር በዳቦ የሚጠርገው፣ «እኔ እንኳ ቀምሼ ነው እንጂ አልበላሁም» አለኝ። አስተማሪው ጎረቤታችን ለዓሚ ብዬ ነው የምገባው፣ ቅር እንዳይላቸው አለ። ዓሚን ላለማስቀየም ሁለት ሰሐን የሚበላ ሰው ነው። ለካስ አበላሁ ማለቱ ብቻ ሳይሆን በልቻለሁ ማለቱም ያሳፍራል። በመጨረሻ አንድ ምስክር ተገኘ፤ እሱም እኔው ራሴ።

ኮሚቴው ፊት የቀረብን ዕለት ሰብሳቢው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ዓርብ ቀን ከገመቱት አንዱ የሆነው ሠራተኛ አለ፤ የጎረቤታችን የባምባሲ ወረዳ ሰው፣ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ። እኔ ቆሜ፣ በየዓርቡ እበላለሁ፣ አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም፣ ሌላውም እንዲሁ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ወደ ዓሚ ዞሩና እውነት ነው ወይ አሏቸው።

«ይሄ ልጅ ይከፍላል» አሉ ዓሚ፣ በእጃቸው ወደ እኔ እያሳዩ። «ሁሉም ሰው ከፍሏል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔን ከኀፍረት ላውጣ ብለው ራሳቸውን ገደል ከተቱ። እጃቸውን ይዤ፣ ዓሚ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ እውነቱን ይናገሩ አልኳቸው። አላዩኝም። ሰብሳቢው ተናደዱ፤ አቤቱታ ይዘው የመጡት እርስዎ፣ የሚያፈርሱትም እርስዎ፣ እኛን ምን አድርጉ ነው የሚሉን አሉ። ወረቀቱን ሊያጥፉት ሲሉ ያ የባምባሲ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አልከፈልኩም» አለ።

ግብር ሰብሳቢ ግብር ከፋዩ ቤት ተቀምጦ በነፃ መብላት ከሥራ የሚያስባርር ነገር ነው፤ ይህንን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ዓሚ በድንጋጤ ወደ እሱ ዞረው፣ አንተም ከፍለሃል፣ ረስተህ ነው አሉት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ለመገመት ገብቶ ሳለ ሰሐን አምጥተው ፊቱ እንዳስቀመጡለት፣ ሒሳብ ሲላቸው እንግዳ ነህ ብለው እንደመለሱት፣ እሱ የመሰለው ባለሥልጣን ስለሆነ እንደተዉለት እንጂ ቤቱ ሙሉ ሰው በነፃ ይበላል ብሎ እንዳላሰበ ተናገረ። እዚሁ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ከሱዳን የመጣ ሽማግሌ እንግዳዬ ነህ ብሎት። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ደግነቱ የሚያየኝ አልነበረም፣ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው።

ሰብሳቢው ወረቀቱን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ኋላ፣ ያበላሸኸውን አንተው ታስተካክላለህ፣ ማክሰኞ ሄደህ እንደገና ትቆጥራለህ፣ የበላኸውን ነገር ግን ሁለተኛ እንዳልሰማ፣ እንጀራህ ነው የሚቆረጠው አሉት። ዓሚ ይሄኔ ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? አልቻሉም። «ቤቴ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም» አሉ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በደንብ አዩአቸው። እንግዲያው ቤቱ እንዳይገባ፣ ከማዶ ሆኖ ይቁጠር ብለው ወሰኑ። ማዶው የኔ ቤት ነው።

ሰው እንዳይጨነቅ አሁኑኑ ልንገር፤ ግምቱ ወርዷል፣ ክሊራንሱ ወጥቷል፣ ፈቃዱም ታድሷል። ፉል ቤቱ ዛሬም ከፊቴ ነው። እኔ የማልረሳው ግን ያንን ማክሰኞ ነው።

ሰውየው በጠዋት መጥቶ ከቤቴ በር ላይ፣ ደንበኛ በሚያርፍበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንድ ሰው ፉል ቤቱ ሲገባ አንድ ሰረዝ ይጥላል። ዝናቡ ሲመጣ አግዳሚውን ወደ ውስጥ ሳብኩለት። ብዙም ሰረዝ አልነበረውም። ቀትር ላይ አንገቴን ቀና ሳደርግ ዓሚ መንገዱን እያቋረጡ ነው። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው በትሪ የተሸፈነ ሰሐን። ቤቱ እንዳይገባ ከተከለከለ እሳቸው ወደ እሱ መምጣት አልተከለከሉማ።

ሰሐኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጡና ትሪውን ገለጡት። ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። ሰሐኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ርቦታል፣ ያስታውቃል። ደግሞም ሽማግሌ ያቀረበው ምግብ እንዴት ተብሎ ይመለሳል? ቦርሳዬን ከፍቼ ብር አወጣሁና ለዓሚ ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ፤ ቁጣቸውን ዓይናቸው ላይ አየሁት።

«ዓሚ» አልኳቸው፣ «በነፃ ከበላ እንጀራው ይቆረጣል።»

ቆሙ። ጃንጥላቸው ላይ ያለው ውኃ መሬቴን አረጠበው። ለራሳቸው ቤት፣ ለሚስታቸው እንባ ሲባል ያልተዘረጋ እጅ ቀስ ብሎ ከኋላ ወጣ፤ ብሩንም በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሲቀበሉ ዓይኔን አላዩኝም። ሰውየው በኦሮምኛ ገላቶማ ብሎ አመሰገናቸውና አቀርቅሮ በላ። ሲጨርስ እጁን ታጠበ፣ ወረቀቱን አነሳ፣ አንድ ሰረዝ ጨመረ።