የድመት ዓሣ
ዛሬ ጧት የጎረቤቴ ድመት ጢሟን ክንዴ ላይ ብታሻሸው ሰውነቴን ወረረኝ። ድመት ጠልቼ አይደለም። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ክፍል አብራኝ የምታድር የወሎ ልጅ ነበረች፤ እሷ ናት ትዝ ያለችኝ።

መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ እንስሳ ሰጥቶ፣ የእንግሊዝኛ ስሙ ከየት እንደመጣ እንድናስረዳ አዞን ነበር። ለእሷ አምባዛ ደረሳት። ፈረንጆቹ «የድመት ዓሣ» ይሉታል፤ አፉ ዙሪያ እንደ ድመት ረጃጅም ጢም ስላለው ነው። መጽሐፉም ይህንኑ ይላል። እኔ ጣና ዳር ያደግሁ ጉረኛ ግን ዝም ማለት መቼ ይሆንልኛል! «መጽሐፍ ምን ያውቃል? ከውኃ ሲወጣ እንደ ድመት ስለሚጮህ ነው» አልኳት። ለቀልድ ነበር። «ወላሂ?» አለችና ዓይኗ በራ፤ ድምፁን በስልኳ ቀርጻ ክፍሉን ልታስደንቅ ቆረጠች።

ሓድነት ሰፈር ዓሣ የምትጠብስ ሴትዮ ዘንድ ሄድን። ቤቷ ዘይትና ሎሚ ይሸታል። አምባዛ ስንላት ፊቷን አጨፈገገች። «ጓለይ፣ ቅርፊት የሌለውን እኛ አንበላም፤ እዚህ ቤትም አይገባም» አለች። ኋላ ግን ጓደኛዬ ስትለምናት አንጀቷ አልቻለም፤ ከከተማው ውጭ ካለው ግድብ ነፍስ ያለው አንድ አምባዛ ለቅዳሜ ላስመጣልሽ አለቻት።

ያ ሳምንት፣ ምን ልበላችሁ፣ አየሩ ራሱ ደስ አይልም ነበር። ነዳጅ ማደያው ፊት ሰልፉ ይረዝማል፤ ሮማናት አደባባይ ላይ የታክሲ ረዳቶቹ እንኳ ድምፃቸውን ቀንሰዋል። ሰው ሬዲዮ ባለበት ሁሉ ቆሞ የጦርነት ወሬ ያዳምጣል። ሐሙስ የሁለታችንም ቤተሰቦች ደውለው «ነገውኑ ውጡ» አሉን።

ዓርብ ጧት ሻንጣዬን አስጭኜ አውቶቡሱ በር ላይ ስጠብቃት ባዶ እጇን መጣች። «አምባዛውን ቀርጬ እሑድ እመጣለሁ» አለችኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ሁሉ ጉራ በኋላ ውሸታም ልባል? «በይ እንግዲህ፣ አደራ ቅረጪልኝ» ብያት ገባሁ።

ቅዳሜ መንገዱ ተዘጋ፤ የመቀሌ ስልክም ጠፋ። ወሬዋን እስከ ዛሬ የሰማ የለም።

ያን ሰኞ፣ እኔ እቤት ከገባሁ በኋላ፣ አባቷ ከደሴ ደወሉልኝ። «ካንች ጋር እወጣለሁ ብላን ነበር፤ እስኪ አገናኚኝ» አሉ። መቅረቷን ነገርኳቸው።

«ለምን ቀረች፣ ልጄ?»

«እንጃ አባባ» አልኳቸው።