ኤምባሲ የሄዱት ሽማግሌዎች

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ቦሌ ያለው ኤምባሲ መጀመሪያ ቪዛ የከለከለኝ በአንድ ምክንያት ነበር፤ ትምህርቴን ስጨርስ አገሬ እንደምመለስ አላሳመንኩም። የነፃ ትምህርት ዕድሉን አግኝቻለሁ፤ የቀረኝ ጊዜ ግን ለአንድ ተጨማሪ ቀጠሮ ብቻ የሚበቃ ነበር። እሱ ላይ ከወደቅኩ ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል። ሳሊተ ምሕረት እስክደርስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ለእኔ ከለቅሶ ንዴት ይሻለኛል።

አባቴ ነገሩን ሲሰማ፣ ታዲያ ዋስ ጥሪ አላሉሽም ወይ ሲል ጠየቀኝ። ፈረንጅ ዋስ የሚባል ነገር አያውቅም ብዬ ተቆጣሁ። ሊገባው አልቻለም። ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፣ ከፖሊስ ጣቢያ ሲወጣ እንኳ ዋስ ይጠራል፤ አገር ለቆ የሚሄድማ እንዴት ዝም ብሎ ይሄዳል? ይህንኑ እያጉረመረመ ወደ ጎረቤት ወጣ። እኔ ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት አባቴ ሥራ አለብኝ ብሎ ከእኔ ቀድሞ ከቤት ወጣ። ኤምባሲው በር ላይ ስደርስ የበዓል ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ከጎኑ ሁለት ጎረቤቶቻችን አሉ፤ አንዱ ከወሎ የመጡት ባለሱቁ ሐጂ፣ ሌላው ከትግራይ የመጡት ጡረተኛ መሐንዲስ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በቤቶቻቸው መሀል ባለው የጎርፍ ቦይ የተነሳ ክረምት በመጣ ቁጥር ይጨቃጨቃሉ። ያን ቀን ግን በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ነበር።

ጥበቃው ቀጠሮ አላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ሐጂ ተገረሙ።

«ለሽምግልና የመጣ ሰው ቀጠሮ ይጠየቃል እንዴ?» አሉት።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጥበቃውም ያገር ልጅ ነውና ሽማግሌ መመለስ አልሆነለትም፤ የራሱን አግዳሚ ወንበር ለቆላቸው ወደ ውስጥ ስልክ ደወለ።

ውስጥ ስገባ ቆንስሏ ያንኑ፣ ለመመለስሽ ምን ማረጋገጫ አለ የሚለውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ስለ አገር ልማት በቃሌ ያጠናሁት ረጅም መልስ ብን ብሎ ጠፋ። እሷም፣ በር ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች ስለ አንቺ ነው የመጣነው ይላሉ፣ ምን ፈልገው ነው አለችኝ። ሌላ ማምለጫ ስላልነበረኝ እውነቱን ነገርኳት፤ እንደምመለስ ዋስ ሊሆኑኝ ነው የመጡት አልኳት።

«ባትመለሺስ ምን ይሆናሉ?»

«ምንም አይሆኑም» አልኳት። «አባቴ ግን በየቀኑ በጎረቤቶቹ ደጅ እያፈረ ያልፋል።»

ተነስታ በመስኮቱ ተመለከተች። ሐጂና መሐንዲሱ ጃንጥላውን ማን ይያዝ በሚል ሲከራከሩ ነበር መሰለኝ፣ ሳቋ መጣ። ከዚያ ፓስፖርቴን ሳበችና ከሰዓት በኋላ መጥተሽ ውሰጂው አለችኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

ሰጡኝ ስላቸው አባቴ አቅፎኝ፣ ሰው እያየን፣ እንደ ሕፃን ወደ ላይ አነሳኝ። መሐንዲሱ እሰይ እሰይ እያሉ አጨበጨቡ። ሐጂ ግን ከወንበሩ አልተነሱም፤ እስካሁን ለፊርማ የሚጠራቸው ሰው እየጠበቁ ነበር። ፊርማ አያስፈልግም አልኳቸው።

«ሳያስፈርሙ ሰው ይለቃሉ?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነሱ ባያስፈርሙንም እኛ ዋስ ሆነናል። ሂጂ፣ ተምረሽ ነይ።»

ተምሬ መጣሁ።