የጋሽ ይማም ወፍ

ባለፈው ሰሞን የቀሚሴን ጠርዝ ላሳጥር ሰፈራችን ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባሁ። መብራት ጠፍቶበት የከሰል ካውያ አውጥቷል። ካውያውን እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያሳርፈው የተለበለበ ጥጥና የስፌት መኪና ዘይት ሽታ አንድ ላይ መጣብኝና ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ጋሽ ይማም ትዝ ብሎኝ ነው።

እኔ የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ። ይህን ሥራ ከማን እንደተማርኩ በየቃለ መጠይቁ ይጠይቁኛል። መልሱ አንድ ሰው ነው፤ መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ሲጥፍ የሚውል አንድ ሰው።

ጋሽ ይማም ጎረቤታችን ነበር። የእሱንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ፊደል የቆጠረው ደሴ ስፌት ሊማር በሄደበት ጊዜ ሲሆን፣ ከደሴ የሚመጡት የጭነት መኪና ሾፌሮችም አንብበው የጨረሷቸውን የወንጀል መጻሕፍት ይተዉለታል። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ገጻቸው በግራሶ የጠቆረ መጻሕፍት ነበሩ። ገበያው ሲበተን እህል ሻጩም፣ አህያ ነጂውም፣ እኛ ልጆቹም በረንዳው ሥር እንሰበሰብና ያነብልናል።

ታዲያ አመሉ ለብቻው ነበር። መጽሐፉን ከኋላ ነው የሚጀምረው። የመጨረሻውን ገጽ በልቡ ያነብና ቀና ብሎ ገዳዩ ወንድምየው ነው ይለናል፤ እንዲሁ በደረቁ። ሰዉ ይበሳጫል። ታሪኩን ገደልከው፣ ከዚህ በኋላ ምን ቀረን ይሉታል። እሱ በከንፈሩ የያዘውን መርፌ ያወጣና፣ "አሁንማ መጠርጠሩ ቀረላችሁ። እስቲ ምን እንዳደረሰው እንስማ" ይላል።

እኔንም ዛሬ አንባቢዎቼ የሚወቅሱኝ በዚሁ ነው። ወንጀለኛውን በመጀመሪያው ገጽ ትናገሪያለሽ ይሉኛል። አሳታሚዬማ አንጀቱ እስኪያር ለምኖኛል፤ እባክሽ እስከ መጨረሻው ደብቂው፣ አንባቢው ሁሉንም ይጠርጥር ይለኛል። እንቢ ያልኩት ለጥበብ ስል አይደለም። ሰው ሁሉ ሲጠረጠር ምን እንደሚመስል በዓይኔ ስላየሁ ነው። ጨዋታ አይደለም።

ክፉው ቀን የመጣው ዝናቡ ደጋግሞ ከከዳን በኋላ ነበር። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ፤ ከዚያ ሰው ማለቅ ጀመረ። ከቆላው የተነሱ ሰዎች ወደ ደሴ መንገድ ለመውጣት በእኛ በኩል ሲያልፉ፣ ጠዋት ጠዋት ጎረምሶች ከገበያው ዳር ያልተነሱትን በቃሬዛ ያነሷቸው ነበር። ሬዲዮው ስለሌላ አገር ሁሉ ያወራል፣ ስለኛ ትንፍሽ አይልም። አባቴ ታደሰ የባላባቱ ጭሰኛ ነበር፤ የሚያርሰው መሬት እንጂ የራሱ የሚለው መሬት አልነበረውም። ታናሽ እህቴን ዘርፌን በኅዳር ቀበርናት። ከእሷ በላይ ያለው ወንድሜም አንገቱን መሸከም አቅቶት እናቴ ጭን ላይ ተኝቶ ይውል ጀመር።

በዚያው ሰሞን የባላባቱ ጎተራ ተሰበረና ገብስ ተወሰደ። አውጫጭኝ ተጠራ።

አውጫጭኝን ለማያውቅ ልንገረው። አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከተመረጡት ሽማግሌዎች ፊት አንድ በአንድ እየቀረቡ ያዩትን የሰሙትን በጆሯቸው ይናገራሉ። የተናገረው ሰው ስሙ አይጠራም፤ "ወፍ ነገረችን" ነው የሚባለው። ወፏ ማን እንደሆነች ጠላትም ወዳጅም አያውቅም። በደህናው ዘመን ደግ ሥርዓት ነበር ይላሉ። በደህናው ዘመን ግን የተቀመጠ ሰው ስንቅ ይመጣለታል። ያን ጊዜ ከየት ይምጣ?

ወንዶቹ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። እኛ ሴቶችና ልጆች ከማዶ ሆነን እናያለን። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሲመሽ ደግሞ የደጋው ብርድ አለ። የአባቴ እግሮች አብጠው ያብረቀርቁ ነበር። ሁሉም ተራ በተራ ተጠየቀ፤ ሁሉም አላየሁም አልሰማሁም አለ። ወፍ ጠፋች። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን አቅፈው እንደተቀመጡ አሸለቡ፤ ሲነቀንቋቸው ወደ ጎን ወደቁ። ሞተው ነበር። እሳቸውን ቀብረው መጡና እንደገና ተቀመጡ። ሰዉ ጎን ለጎን ተቀምጦ መተያየት ተወ። እናቴ አባቴ ላይ ዓይኗን ተክላ፣ "ነገ እሱ ነው" ስትል ሰማኋት። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። እግዜሩን እንኳ አልጠራችም።

ያን ቀን ከሰዓት ጋሽ ይማም ተራው ሳይደርስ ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ በጆሯቸው መናገር ሲገባው መሐል ሜዳ ላይ ቆመ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን ዝም ያለ ሜዳ ስለሆነ ማዶ ድረስ ተሰማ።

"ወፏ እኔ ነኝ። ሌባውም እኔ ነኝ። ሰዉን ልቀቁት።"

እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚያውቅ የለም። ወፍ ራሷን አትጠቁምም። ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ገብሱን የት አደረስከው አሉት፤ በልቼዋለሁ አለ። ፊቱ ላይ አጥንት ብቻ የቀረውን ሰውዬ እያዩ ያንን አምነው ተቀበሉ። ምን ያድርጉ፣ እነሱም ቤታቸው መሄድ ፈልገዋል። አባቴን ሁለት ሰው ደግፎ አመጣልን። ጋሽ ይማምን ፖሊሶች እጁን የፊጥኝ አስረው በጭነት መኪና ወደ ደሴ ወሰዱት። ሚስቱ እትዬ ሞሚና ከኋላ እየሮጡ አቧራው እስኪውጣቸው ተከተሉት።

እስር ቤት ውስጥ ተስቦ ገባና ሞተ። ዓመት ሳይሞላ አብዮት ፈነዳ። ያው የባላባቱ ጎተራ በሕዝብ ፊት ተከፍቶ እህሉ በቁና ተከፋፈለ። ገብሱን ቀድሞ የወሰደ ሰው ጀግና ነበር እየተባለ በስብሰባ ተጨበጨበለት፤ ልጅ ሆኜ እንኳ ያ ጭብጨባ አስጠላኝ። አብዮቱ ጥቂት ቢፈጥን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተንገብግቤያለሁ። ዛሬም አልወጣልኝም።

መሬት ሲከፋፈል ለእትዬ ሞሚናም ደረሳቸው። ልጅ የላቸው፣ ወንድም የላቸው። አባቴ ማንም ሳይጠይቀው በየክረምቱ አስቀድሞ የእሳቸውን ማሳ፣ ቀጥሎ የእኛን ያርስ ነበር። ጎረቤት ስለሆኑ ነው እያልኩ አደግኩ። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ፣ እኔም ሁለት መጽሐፍ ካሳተምኩ በኋላ፣ አጠገቡ አስቀምጦ ነገረኝ።

"ገብሱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እናትሽ ከጓዳ ወፍጮው ሥር ጨርቅ አንጥፋ ነበር የምትፈጨው። ሆኖም ይሰማል። ማንም የሚፈጨው እህል በሌለበት ቀን ወፍጮ እንዴት አይሰማ? ይማም ከግድግዳው ማዶ ነው የሚተኛው።"

ያን ጊዜ አጎታችሁ ላከልን እየተባለ የጠጣነው አጥሚት ትዝ አለኝ። ወንድሜ አንገቱን ያቀናው በዚያ አጥሚት ነው። እኔም የተረፍኩት በዚያው ነው። ማንም የማይሰማበት ክፍል ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ሌላ ምን አቅም ነበረኝ?

አባቴን ከቀበርኩ በኋላ መካነ ሰላም የቀረሁት ለእትዬ ሞሚና ስል ነበር። ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ልነግራቸው ፈለግኩ፣ አፌ እንቢ አለ። የምትጽፊውን አንብቢልኝ አሉኝ። የሰው በሬ ሰርቆ ስላረደ ገበሬ የጻፍኩትን አወጣሁና ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

"ሌባው ልጆች አሉት?"

አሉት አልኳቸው።

"ጠገቡ?"

"ጠግበናል፣ እትዬ ሞሚና።"

እጃቸው ካለበት አልተነሳም።

"አልሐምዱሊላህ። በይ ቀጥይልኝ" አሉ።

ቀጠልኩላቸው።