ከጭቃው ያወጣን ሰንሰለት

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ከደሎ መና ወደ ጎባ ስንመጣ ሳነቴ በሚባለው ብርዳም አምባ ላይ ነው። ያን ቀን ክፉ ያደረገብን ሰው አልነበረም። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለውም ለዚህ ነው። የምረግመው ሰው ባገኝ ኖሮ እስካሁን ይወጣልኝ ነበር።

ባለቤቴ ገመቹ በፒክአፑ ከመና ቡናና ማር እያመጣ ሮቤ ይሸጣል። መኪናዋን የሚወዳት እንደ መጀመሪያ ሚስት ነው፤ እኔ በኋላ የመጣሁ ነው የምመስለው። ዱባይ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወንድሙ ካርቦን ፋይበር ከሚሉት፣ ከብረት እጅግ ከሚቀል ጥቁር ነገር የተሠራ ሻፍት በሰው ላከለት። ሻፍት ማለት ከመኪናው ሥር ተዘርግቶ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነው። እዚያ አሸዋ ላይ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ይህን ያስገጥማሉ አሉ።

ሳጥኑ የተከፈተ ቀን አባቴ ከመና መጥቶ እኛ ዘንድ ነበር። ጥቁሩን ዘንግ በአንድ እጁ ብድግ አደረገውና «ገመቹ፣ ይኼ እኮ ሸንበቆ ነው። ዋሽንት ሥራበት» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ገመቹ ግን አልሳቀም። ከተገጠመ በኋላ መኪናዋ እውነትም ተለወጠች፤ ዳገቱን እየተጫወተች ትወጣው ጀመር። የድሮው የብረት ዘንግ የግቢያችን በር ምሰሶ ሆነ።

በዚያ ክረምት ማር ልንጭን መና በወረድንበት ሰሞን አባቴ ሆዱን ታመመ። ያየው ሐኪም አንጀቱ ስለተጠመዘዘ ዛሬውኑ ጎባ ሆስፒታል ደርሶ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ አይተርፍም አለን። ማሩን ትተን አባቴን የኋላ ወንበር ላይ አስተኛነው። እኔ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ይዤ ተነሣን።

የሪራን መንደር አልፈን ሳነቴ ላይ ስንወጣ ጉም ወረደ፤ ዝናቡም ቀጠለ። መኪናዋ የምትነዳው በኋላ ጎማዋ ብቻ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ አንሸራተታትና ዞራ ጭራዋን ወደ ጎባ አድርጋ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ገመቹ ቢቆፍር፣ ድንጋይ ቢደረድር፣ አልሆነም።

ሳነቴ ላይ የተያዘ መኪና አይቶ የሚያልፍ ሹፌር የለም፤ ነገ በእሱ እንደሚደርስ ያውቃል። ከጎባ ወደ መና የሚወርድ የጭነት መኪና መጣና ሳይለመን ቆመ። ከላዩ ከገበያ የሚመለሱ የሪራ ሰዎች ወረዱ። የእኛ መኪና የኋላ መጎተቻ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አልተገኘም። ገመቹ ከፊት ጎማው ሥር ሲቆፍር፣ ከሰዎቹ አንዱ ጋቢውን አውልቆ ለጓደኛው ሰጠና ጭቃውን እየዛቀ በደረቱ ተስቦ ከሥር ገባ። በእጁ ዳብሶ ያገኘው ጠንካራ ነገር ላይ የጭነት መኪናውን ሰንሰለት አሰረ። የጭነት መኪናው ጎተተ፤ የቀሩት እየጮኹ ገፉ። መኪናዋ ወጣች። አፍንጫዋን ወደ ጎባ አዙረውልን ገመቹን እያቀፉት «ጀባዻ፣ በርቱ» አሉን።

አባቴ መስኮቱን እንድከፍትለት በእጁ ጠቆመኝ። አቅም አልነበረውም፤ ግን ሳይመርቅ ሰው መሸኘት አይችልበትም።

«መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። የሰው ፊት አያሳያችሁ» አላቸው።

ሰዎቹ ዝናብ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው አሜን አሉ። መኪናቸው ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

እኛም ትንሽ ሄድን። ዳገቱ ላይ ገመቹ ነዳጅ ሲሰጥ ከሥራችን አንድ ነገር ተሰነጠቀ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትንቀሳቀስም። ገመቹ ከሥር ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።

«ሰንሰለቱን ሻፍቱ ላይ ነው ያሰሩት» አለኝ ቀስ ብሎ። «ብረት ቢሆን ይቧጨር ነበር እንጂ አይሰበርም። ይኼ ተጨፍልቆ ተሰነጠቀ።»

ሌላ መኪና አልመጣም። ስልኩ እንደምንም ሠርቶ ጎባ ያለ ጓደኛውን ሚኒባስ ይዞ እንዲመጣ ለመንነው። እስኪደርስልን አባቴ ሁለት ጊዜ «ደረስን?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ጊዜ ዋሸሁት። በሚኒባሱ ስንወርድ፣ ጎባ ቁልቁል እየታየን፣ ሆስፒታሉ ሳንደርስ ዐረፈ።

ጎባ ቤታችን ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ እነዚያ የሪራ ሰዎች መጡ። የጭነት መኪናው ሹፌር ነግሯቸው ያን ሁሉ መንገድ ማር ይዘው መጡ። ከሥር የገባው ሰውዬ ከጎኔ ተቀመጠ።

«ሰንሰለቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ» አለኝ። «ዕድሜያቸው አላህ ዘንድ ነው። እኔ ግን የሳቸው ምርቃት አለኝ። ለልጆቼ ይበቃኛል።»

ገመቹ ከማዶ አየኝ። ቤቱ ውስጥ እውነቱን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

«አሜን» አልኩት።

አሁንም አልተጽናናሁም፤ ጊዜ ያድናል የሚሉኝን አላምናቸውም። ገመቹ መኪናዋን ሸጦ ሰው ቤት ተቀጥሮ ይነዳል፤ ስለ መኪና ሲወራ ይነሣና ይወጣል። ሰውዬው ገበያ በመጣ ቁጥር ጎራ ብሎ ይጠይቀናል። የብረቱን ምሰሶ ተደግፎ ከበር ሲጣራ እሰማዋለሁ። ወጥቼ ግባ እለዋለሁ።