ሃጂራ ወደ ትክል ድንጋይ ስትደውል

በጎንደር አዲስ ዓለም ደህና ማር የሚፈልግ ሰው ከሱቅ ሱቅ አይንከራተትም ነበር፤ የሃጂራን ቤት ይጠይቃል። ባሏ ሷሊሕ በሕይወት ሳለ ሸቀጡ የእሱ፣ ማሩ የእሷ ነበር። እሱ ሲሞት ሸቀጡን ለወንድሞቹ ትታ ማሯን ይዛ ቀረች። አንድ ጊዜ በጣቷ ጫፍ ነክታ ከቀመሰች፣ ማሩ ከደጋ ይምጣ ከቆላ፣ ስኳር ይግባበት አይግባበት ለመናገር ጊዜ አይፈጅባትም።

ማሩ የሚመጣላት ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከትክል ድንጋይ ነው። እዚያ ይርገዱ የምትባል ወዳጅ አለቻት። የይርገዱ ባል አያ መለሰ ንብ ያንባል፤ እሷ ማሩን ትሸጣለች። ሁለቱ ሴቶች በልጅነታቸው ገበያ ላይ ተዋውቀው፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ እየጠየቀች፣ አንዷ ስታዝን ሌላዋ እያጽናናች፣ ደንበኝነታቸው ወደ እኅትነት ተለውጧል። ሃጂራ የይርገዱን ቤት ሥጋ አትበላም፤ ይርገዱም የሃጂራን አትበላም። ማሩን ግን ከአንድ ዕቃ ይቀምሱታል።

ከዚያ ሃጂራን ዓይኗ ያዛት። መጀመሪያ ከጎኗ የሚያልፈው ሰው ተሰወረባት፤ ቀጥሎ የምታየው ሁሉ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚታይ እየጠበበ ሄደ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነግሯት፣ «የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን» አላት። ሞከሩ፤ አልቆየም። ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲገባ ሃጂራ ጨለማውን ከብርሃኑ አትለይም ነበር።

ልጇ ናስር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ፣ እናቱን የሚወድ ሰው ነው። ከመውደዱ የተነሣ ምንም እንድትነካ አይፈልግም። እሳት ያቃጥልሻል፣ ደረጃው ይጥልሻል፣ ሰው ያታልልሻል ይላታል። ማሩንም ቢሆን «ዕድሜሽን ሙሉ ለፍተሻል፣ አሁን ዕረፊ» እያለ ቀስ በቀስ ሊያስተዋት ይፈልጋል። ስልኩን የገዛላትም ለዚሁ ነበር፤ ሥራ ላይ ሆኖ ደኅንነቷን ለመጠየቅ።

«እማዬ፣ ሲጮህ ይቺን ትጫኛለሽ፤ በቃ» አላት፣ ጣቷን አረንጓዴዋ ቁልፍ ላይ አሳርፎ።

«መደወል ስፈልግስ?»

«መደወሉን ለእኛ ተይው።»

ሃጂራ ስልኩን ከእጁ ተቀብላ ገለባበጠችው። ከሳሙና ያንሳል፤ ሆዱ ለስላሳ፣ ፊቱ ጉብ ጉብ ያለ ነው። «ክፈተውና ውስጡን አሳየኝ» አለችው። ናስር ሣቀ፤ ግን ከፈተላት። ባትሪውን በእጇ መዘነችው። ሲም ካርዱን በአውራ ጣቷ ስትዳስሰው አንደኛው ጥጉ የተቆረጠ ሆኖ አገኘችው።

«ምነው? ተሰብሯል እንዴ?»

«የለም፤ አገባቡ እንዲታወቅ ነው። የተቆረጠው ጥግ በዚህ በኩል ይሆናል።»

«እንግዲያው እኔ ላግባው» አለች። መጀመሪያ ገልብጣ ሞከረችው፤ እንቢ አለ። አዙራ ስትገፋው ቦታውን ያዘ። ባትሪውን ደፍናበት ክዳኑን ስትጫነው ቀጭ አለ። ናስር ስልኩን ከፍቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቻርጅ ላይ ሰካላትና ሄደ። ነገሩ ከዚህ የሚያልፍ አልመሰለውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጌትነት የሚባል የማር ደላላ በሩን አንኳኳ። ከዚያ በፊት ከሃጂራ ጋር ተገበያይቶ አያውቅም።

«እትዬ ሃጂራ፣ የይርገዱን ነገር ሰምተዋል?» አለ ተቀምጦ። «ንቡ ኮበለለባት። ቀፎው ባዶ ነው። ማሩን ትታ እህል ይዛለች ይባላል። እኔ ግን ከሌላ ቦታ ሸጋ ማር አምጥቼልዎታለሁ።»

ሃጂራ አዘነች። ይርገዱ ከመስቀል ወዲህ ብቅ አላለችም፤ ምክንያቷ ይህ ነው ማለት ነው። የጌትነትን ቆርቆሮ አስከፍታ ጣቷን ነከረችና ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። አያ መለሰ ቀፎውን የሚያጥነው በወይራ ነው፤ ያ የወይራ ጠረን በጣም ስስ ሆኖ ከማሩ ሥር አለ። ሃጂራ ይህን ማር ከልጆቿ ዕድሜ በላይ ታውቀዋለች።

ይህን ለጌትነት አልነገረችውም። ማሩን አልገዛችም፤ «አስቤ እነግርሃለሁ» ብላ ሸኘችው። ማታ ናስር ሲገባ ግን ያዘችው።

«ይህ ሰውዬ ያመጣው የይርገዱ ማር ነው። ደውልና አጣራልኝ።»

«እማዬ፣ የአንድ አገር ማር ይመሳሰላል። ደግሞ ይርገዱ ስልክ የላትም፤ የት እደውላለሁ?»

«የሚያውቃትን ሰው ፈልግ።»

«እሺ፣ ነገ።»

ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ሃጂራም ብቻዋን ስትሆን መጠራጠሯ አልቀረም። ዓይኗ ከድቷታል፤ ምላሷስ ቢከዳት? ይርገዱ በእውነት ንቧ ሄዶ፣ አፍራ ቀርታ ቢሆንስ? ያም ቢሆን መጠየቅ አለባት። ወዳጇ ከተቸገረች መድረስ፣ ሰው ከዋሻት ማወቅ ትፈልጋለች። ለዚህ ደግሞ የናስርን ነገ መጠበቅ እንደማያዋጣት ገባት።

ልጇ ሥራ እንደ ሄደ ምራቷን መርዋን ጠራቻት። «ነጠላዬን አቀብይኝና አውቶብስ ተራ ውሰጂኝ።»

«እማዬ፣ ናስር ቢሰማ . . .»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

አውቶብስ ተራ ውስጥ የፈለገችው አያ ወልደኢየሱስን ነበር። ድሮ ማሯን ከትክል ድንጋይ የሚያመጣላት ሾፌር ነው። ድምፁን በሩቁ ለየችው፤ ረዳቱን እየተቆጣ ነበር።

«አያ ወልደኢየሱስ፣ እንዴት ከረሙ?»

«ሃጂራ! ምነው እንዲህ ጠፋሽ? እኔማ መስመር ቀይሬ ወደ ድብ ባሕር ነው የምሠራው፤ ትክል ድንጋይን ካየሁ ቆየሁ። ግን እዚያ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ዓይናለም ስልክ አላት። ቁጥሯን ልስጥሽ።»

መርዋ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ልትመዘግብ ስትል ሃጂራ ከለከለቻት። «መጀመሪያ ለእኔ በቃሌ።» በልጅነቷ ቁርዓን እንዳጠናችው ሁሉ፣ ቁጥሩን እያዜመች እየደጋገመች ቤቷ ገባች።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። መርዋ አጠገቧ ተቀምጣ የስልኩን ፊት አብራት ዳሰሰች። «እማዬ፣ መሃል ላይ ያለችውን ይንኩ። ትንሽ ጉብታ አለቻት አይደል? እሷ አምስት ናት።»

ሃጂራ ፈለገቻት፤ አገኘቻት። ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት። ከእሷ ላይ ሁለት፣ ከእሷ ሥር ስምንት፣ በግራዋ አራት፣ በቀኝዋ ስድስት። ከስምንት ሥር ዜሮ። ሃጂራ አምስትን መንደሯ አደረገቻት፤ ከእሷ ተነሥታ ወደ ሌላው ትሄዳለች፣ ተመልሳ እሷው ዘንድ ትገባለች። ምግብ ስትበላ በግራ እጇ ስልኩን ትዳስሳለች። እንግዳ ሲመጣ ነጠላዋ ሥር አድርጋ ትዳስሳለች። 

ቁጥሮቹን ለየች ብላ ስትደውል ግን ስልኩ ጭጭ አለ። ደግማ ሞከረች፤ ጭጭ። ሙሉ ከሰዓት እንደታገለችው ዋለች። መርዋ ከገበያ ስትመለስ ነው ነገሩ የታወቀው።

«እማዬ፣ እኮ ራሱን ቆልፏል። ዝም ሲሉት ይቆለፋል። ከመስታወቱ ሥር ያለችውን የግራ ቁልፍ ይጫኑ፣ ወዲያው ከታች በግራ በኩል ያለችውን ኮከብ።»

«ይሄንን ሳትነግሪኝ እኔ የተበላሸ መስሎኝ!» አለች ሃጂራ ተናድዳ፤ ንዴቷ ግን ብዙም አልቆየ። ቆልፎ መክፈቱን እስኪሰለቻት ደጋገመችው።

በማግስቱ ደወለች። ጠራ።

«ሃሎ! ወፍጮ ቤት!» አለ አንድ ወንድ፣ ከኋላው ሞተር እየጮኸ።

«የዓይናለም ሻይ ቤት አይደለም?»

«ወፍጮ ቤት ነው እመቤቴ!» ዘጋው።

ሃጂራ ከአምስት ተነሥታ እንደገና ቆጠረችና ደወለች። ያው ሰው ያው ሞተር። በሦስተኛው ሰውዬው ሞተሩን አጠፋው።

«እማማ፣ ማንን ነው የሚፈልጉት?»

«ወንድሜ፣ አትቆጣኝ። ዓይኔ አያይም፤ ስልክ በእጄ እየተማርሁ ነው።»

ሰውዬው ድምፁን አለዘበና፣ «የሚፈልጉትን ቁጥር ይንገሩኝ እስቲ» አላት። ነገረችው። «ያው የእኔ ነው፣ መጨረሻው ብቻ ነው የሚለየው። የእርስዎ ሰባት ናት፣ የእኔ አራት ናት። ሰባት ላይ ሳይደርሱ ይቆማሉ ማለት ነው። ትንሽ ወረድ ይበሉ።»

«አላህ ይስጥህ፤ ወፍጮህን አስቆምሁብህ።»

«ግድ የለም፣ ወረፋ የለም» አላት።

ወረድ አለች። አሁን የሴት ድምፅ ነው ያነሣው፤ ዓይናለም ነበረች። ስልኳ መስመር የሚይዘው የሻይ ቤቱ በር መቃን ላይ ሲሰቀል ብቻ ስለሆነ፣ በሩ ላይ ቆማ ትጮሃለች። «ይርገዱን? አውቃታለሁ እንጂ! በገበያ ቀን ትመጣለች። ቀትር ላይ ደውይ፣ ይዣት እቆያለሁ።»

የገበያው ቀን እስኪደርስ ሃጂራ ለማንም አልተናገረችም። በዚያን ቀን የቀትር ሶላቷን ሰግዳ፣ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። የግራዋ ቁልፍ፣ ኮከቧ፣ ከዚያ ቁጥሩ። ሰባት ላይ ወረድ አለች። የምትደውለው ይሁንልኝ ብላ ሳይሆን የግድ ብላ ነው፤ ዛሬ ባይነሣ በሚቀጥለው ገበያ፣ ያም ባይሆን በሌላው እንደምትደውል ወስናለች።

«ሃሎ? ሃሎ? በየት በኩል ነው የምናገረው?» የሚል ድምፅ መጣ። ሃጂራ ወዲያው አወቀችው።

«ይርገዱ፣ እኔ ነኝ። ሃጂራ ነኝ።»

«የአዲስ ዓለሟ ሃጂራ?»

«ሌላ ሃጂራ ታውቂያለሽ?»

«እቴ ሃጂራ! ምነው፣ አልጋ ላይ ናት፣ ሰውም አታነጋግር፣ ንግዱንም ጥላለች ብሎኝ ነበር እኮ ጌትነት! ማሩን ለእሱ የሰጠሁት ስለዚያ ነው። መጥቼ እንዳላይሽ መለሰ ከዛፍ ወድቆ እግሩን ተሰብሮ ከጎኑ አልተነሣሁም።»

«ዓይኔ እውነት ነው፣ ጠፍቷል። የቀረው ውሸት ነው። ለእኔማ ንብሽ ኮበለለ ብሎኝ ነበር።»

«የእኔ ንብ?» ይርገዱ በቁጣ ጮኸች። «የእሱ ልብ ይኮብልል! የቀረው ቀፎ እንኳ ሞልቶ የሚቆርጠው አጥቶ ነው እንጂ!» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ዓይንሽ ጨርሶ ጠፋ? ታዲያ ይሄን ማን ደወለልሽ?»

«እኔው።»

«እንዴት አድርገሽ?»

«ስትመጪ አሳይሻለሁ» አለች ሃጂራ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዶ ስልኩን አርጥቦታል። «አሁን የመለሰን እግር ንገሪኝ፤ ከዚያ ስለ ማሩ እናወራለን።»

ማሩ በሚቀጥለው ገበያ ማግስት መጣ። ሃጂራና መርዋ አውቶብስ ተራ ሄደው ተረከቡት። ናስር ከሥራ ሲገባ ቆርቆሮዎቹ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው፣ እናቱ መሃላቸው ተቀምጣ ክዳን እየከፈተች ስትቀምስ አገኛት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬሃለሁ። ነገ አልኸኝ።»

ናስር አንዱን ቆርቆሮ ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀ። አጠገቧም ቁጭ አለ። መርዋ ከወጥ ቤት ሆና ታሪኩን ከወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ጀምሮ ስትነግረው መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ። «እንዳትጎጂ ብዬ ነው እኮ፣ እማዬ» አላት።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ተቀምጬም ተጎድቼ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን ላግዝሽ?»

ሃጂራ አሰበችበት። «የስልኩን ካርድ ፋቅልኝ፣ ቁጥሩንም አስገባልኝ። እሱን ብቻ አልቻልሁም።»

ጌትነት መልሷን ሊሰማ በመጣ ጊዜ በሩ ላይ ነው ያቆመችው። «ይርገዱን አነጋግሬያታለሁ» አለችው። ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እንጀራ ፍለጋ ነው እንጂ ክፋት አይደለም።»

«እንጀራህን ፈልግ። እኔን በቁሜ ቀብረህ ግን አትፈልግ።»

አላዋረደችውም፤ ለሰውም አላወራችበት። ከዚያ በኋላም የሌላ ሰው ማር ይዞ ሲመጣ ቀምሳ ደህና ከሆነ ትገዛው ነበር። ወሬውን ግን ስልክ ደውላ ሳታጣራ አትቀበለውም።

አያ መለሰ በበትር መራመድ ሲጀምር ይርገዱ ጎንደር ወርዳ ሰነበተች። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ፤ ከዚያ ብዙ ሣቁ። ይርገዱም ወደ አገሯ ስትመለስ የራሷን ስልክ በመቀነቷ ቋጥራ ነበር።

በዓመቱ የጥቅምት ማር ገባ። ሃጂራ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ከፍታ ቀመሰች፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ ስልኳንም አነሣች።

«ይርገዱ፣ ዘንድሮ ጭስ አብዝታችኋል።»

«አንቺ ደግሞ! መለሰ እግሩን ስለሚፈራ ልጁ ነው የቆረጠው።»

«እንግዲያው ልጁን አቅርቢልኝ» አለች ሃጂራ፤ ትራሱን ከኋላዋ አመቻችታ ለረጅም ወሬ ተደላደለች።